ፈቃድ ሰጪው ሲበተን፦ የክላውድ መዳረሻ ቁጥጥርና የካርቱም ተሞክሮ

የአንድ ተቋም መዛግብት በራሱ ሕንፃ ውስጥ፣ በተቆለፈ ክፍል በሚቀመጡ ሰርቨሮች ላይ በነበሩበት ዘመን፣ ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው ጥያቄ በከፊል በግድግዳ፣ በዘበኛና በበር ቁልፍ መልስ ያገኝ ነበር። ክላውድ ኮምፒውቲንግ፣ ማለትም የማስላት አቅምን፣ የመረጃ ማከማቻንና ሶፍትዌርን ከሌላ ድርጅት የመረጃ ማዕከል በኢንተርኔት እየተከራዩ በተጠቀሙበት ልክ የመክፈል አሠራር፣ ይህን አካላዊ አጥር ከጨዋታው አስወጥቶታል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማከማቻና የማስሊያ አቅም ለሕዝብ ማከራየት ከጀመረ ወዲህ፣ መረጃው ያረፈበት ማሽን የት ሕንፃ ውስጥ እንዳለ ባለቤቱ ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ወደዚያ መረጃ የሚያመራው መንገድም ከየትኛውም የዓለም ክፍል ሊጀምር ይችላል። በዚህ ሁኔታ ዋናው አጥር በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ «ይፈቀድ» ወይም «ይከልከል» ብሎ የሚወስነው የፈቃድ ሥርዓት ሆኗል።

ስለዚህ ሥርዓት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከውጭ ሰብሮ የሚገባን ሌባ በማሰብ የተጻፈ ነው። የካርቱም ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ሰብሮ የሚገባ ባይኖር እንኳ፣ ፈቃድ የመስጠትና የመንፈግ ሥልጣን የያዙት ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢሰደዱ፣ ቢታገቱ ወይም መገናኛ ቢያጡ ምን ይከተላል? ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ፣ የአገሪቱ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ የቴሌኮም ኩባንያዎች ማዕከላትና የመንግሥት መዝገብ ቤቶች ነጭ ዐባይና ጥቁር ዐባይ በሚገናኙበት ስፍራ በተሰባሰቡት በሦስቱ ከተሞች፣ በካርቱም፣ በባሕሪና በኦምዱርማን ተከማችተው ነበር። እነዚህን ሥርዓቶች የሚያስተዳድሩት ባለሙያዎችም እዚያው ይኖሩ ነበርና፣ ማሽኖቹና የማሽኖቹን ቁልፍ የያዙት ሰዎች በአንድ ቀን አንድ አደጋ ውስጥ ገቡ።

ጉዳዩን ለመረዳት በመጀመሪያ ሁለት የሚቀራረቡ ተግባሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማንነትን ማረጋገጥ ሲሆን፣ ጥያቄ ያቀረበው አካል እኔ ነኝ ያለውን መሆኑን በይለፍ ቃል፣ በጣት አሻራ ወይም ወደ ስልኩ በሚላክ ኮድ መመርመር ነው። ሁለተኛው ፈቃድ መስጠት ሲሆን፣ ማንነቱ የተረጋገጠው አካል የጠየቀውን ድርጊት ለመፈጸም መብት ያለው መሆኑን መወሰን ነው። የመጀመሪያው ሲሟላ ሁለተኛው በራሱ የሚሟላ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የሁለቱን ርቀት የሚያሳይ ግን ካርቱም ውስጥ የተፈጸመ ጉዳይ አለ። ጁን 3 ቀን 2019 በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ በኃይል ከተበተነ በኋላ ባለሥልጣናቱ ኢንተርኔትን ዘጉ፤ ዐብደልአዚም ሐሰን የተባሉ የሕግ ባለሙያም ዜይን የተባለውን የቴሌኮም ኩባንያ በፍርድ ቤት ከሰሱ። በዚያው ወር ፍርድ ቤቱ አገልግሎቱ እንዲመለስ ወሰነ፤ ይሁን እንጂ ክሱ የቀረበው በግላቸው ስም ስለነበረ ኩባንያው ኢንተርኔቱን የከፈተው ለእርሳቸው መስመር ብቻ ነበር። ሚሊዮኖች ተዘግቶባቸው አንድ ሰው ብቻውን ኢንተርኔት የሚጠቀምበት ይህ ሁኔታ ለመማሪያ መጽሐፍ ተብሎ የተፈበረከ ምሳሌ ይመስላል። የሌሎቹ ደንበኞች ማንነት ፈጽሞ አጠራጣሪ አልነበረም፤ ሲም ካርዶቻቸው ትክክለኛ፣ ሒሳባቸውም የተከፈለ ነበር። የጎደላቸው በፈቃድ ሰንጠረዡ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። ባለሙያው እንደገና ወደ ፍርድ ቤት ተመለሱ፤ በሚቀጥለው ወርም የሞባይል ኢንተርኔት ለሕዝቡ ተከፈተ።

ሰንጠረዥ የሚለው አነጋገር ዘይቤ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት በትለር ላምፕሰን በ1971 የመዳረሻ ቁጥጥርን በዚህ መልክ ቀርጾታል፤ በረድፎቹ ጠያቂዎች፣ በዐምዶቹ ደግሞ ፋይሎችና ፕሮግራሞች ይሰለፋሉ፣ በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥም ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ማስኬድ የሚል መብት ይጻፋል። በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ባሳተሙት ጥናት ዛሬም ድረስ የማይታለፉ መርሆችን አስቀመጡ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ መልሱ ክልከላ ይሁን የሚለው ነው። ሌላው፣ ማንኛውም ተጠቃሚም ሆነ ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት ከሚያስፈልገው በላይ አንዳች መብት አይኑረው የሚለው የአነስተኛ ፈቃድ መርህ ነው። ሁለቱም መርሆች በወረቀት ላይ ቀላል ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችና በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ባሉበት ተቋም ግን ሰንጠረዡን በእጅ መሙላት አይቻልምና፣ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን በ1992 በሚና ላይ የተመሠረተውን ቁጥጥር አቀረቡ። በዚህ አሠራር መብት የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደብ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኦዲተር ወይም የቅርንጫፍ ኃላፊ የሚል ሚና ይፈጠርና መብቱ ከሚናው ጋር ይታሰራል፣ ሰው ሲቀየር ሚናው ለተተኪው ይተላለፋል።

የክላውድ አገልግሎቶች ይህን አሳብ ወስደው ኮምፒውተር በሚያነበው የጽሑፍ ደንብ ለወጡት። ደንቡ በመሠረቱ አራት ነገሮችን ይናገራል፤ ማን፣ ምን ዓይነት ድርጊት፣ በየትኛው ንብረት ላይ፣ በምን ሁኔታ። ለምሳሌ አንድ ባንክ ኦዲተሮቹ የወሩን ሪፖርት እንዲያነቡ፣ ነገር ግን እንዳይሰርዙ፣ ያውም ከባንኩ የውስጥ መረብ ሲገቡና ሁለተኛ ማረጋገጫ ሲሰጡ ብቻ እንዲሆን ሊጽፍ ይችላል። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሥርዓቱ የሚመለከቱትን ደንቦች ሁሉ ሰብስቦ ይመዝናል፤ በአማዞን አሠራር የሚፈቅድ ደንብ ካልተገኘ መልሱ ክልከላ ነው፣ አንድ የሚከለክል ደንብ ከተገኘም አሥር የሚፈቅዱ ቢኖሩ አያሸንፉትም። በጎግል ክላውድ ደግሞ ንብረቶቹ በደረጃ ይደረደራሉ፤ ከላይ ድርጅቱ፣ ከሥሩ አቃፊዎች፣ ቀጥሎ ፕሮጀክቶች፣ በመጨረሻም ማከማቻዎችና ማሽኖች ይቀመጡና፣ በላይኛው ደረጃ የተሰጠ ፈቃድ ወደ ታች ይወረሳል። ውርሱ ሥራ ያቀላል፤ አደጋውም ከዚያው ይመነጫል። ለአንድ አስቸኳይ ጉዳይ በላይኛው ደረጃ ላይ የተሰጠች ፈቃድ ከዓመታት በኋላ በተፈጠረ ፕሮጀክት ውስጥ ሳትታወቅ ልትሠራ ትችላለችና።

ክላውድ ውስጥ ፈቃድ ከሚጠይቁት መካከል ብዙዎቹ ሰዎች አይደሉም። ፕሮግራሞች ከፕሮግራሞች፣ ሰርቨሮች ከማከማቻዎች ጋር ሲነጋገሩ እነርሱም ማንነትና ሚና ያስፈልጋቸዋል። ማሽን የይለፍ ቃል በቃሉ ስለማይዝ፣ ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚሞት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በአማዞን አሠራር አንድን ሚና ለጊዜው የሚያላብሰው ምስክር ወረቀት ከ15 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በ2019 ይፋ የሆነው የካፒታል ዋን ባንክ ጉዳት የመጣው በዚህ በኩል ነበር። በአግባቡ ያልተዋቀረ ፋየርዎል፣ ማለትም በመረቡ ላይ የሚያልፈውን የሚመረምር ማጣሪያ፣ ተታልሎ የራሱን ጊዜያዊ ምስክር ወረቀት ለአጥቂዋ አሳልፎ ሰጠ፤ ከዚያም የፋየርዎሉ ሚና ለሥራው የማያስፈልጉትን ማከማቻዎች የመዘርዘርና የማንበብ መብት ስለነበረው በአሜሪካ የ100 ሚሊዮን፣ በካናዳ የ6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ወጣ። የይለፍ ቃል የተሰበረበት ሰው አልነበረም። ሥርዓቱ የተጠየቀውን የፈቀደው እንዲፈቅድ የሚያዝ ደንብ ስለተጻፈለት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የባንክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በባንኩ ላይ የ80 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው የተለመደ ምክር መብትን ማጥበብ፣ የምስክር ወረቀትን ዕድሜ ማሳጠርና ሁለተኛ ማረጋገጫን ማስገደድ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መብራትና መረብ የማይቋረጥበትን ከተማ ታሳቢ አድርጎ የተሰጠ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ የዜይን፣ የኤምቲኤንና የሱዳኒ መረቦች በየተራ ሲቋረጡ አብዛኛው የሱዳን ክፍል ከመገናኛ ውጪ ሆነ። በዚህ ጊዜ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ለባለቤቱ ሊደርስ አይችልም፤ ሕጋዊው ተጠቃሚም በደኅንነት ደንቡ ምክንያት ከገዛ አካውንቱ ውጪ ይቆማል። በ1913 የተመሠረተው የካርቱም ባንክ የሚያቀርበው ባንካክ የተሰኘው መተግበሪያ፣ ጥሬ ገንዘብ በጠፋበትና ቅርንጫፎች በተዘጉበት በዚያ ወቅት ምግብ መግዣ መንገድ ሆኖ ነበርና፣ ሰዎች በሳተላይት የሚሠራውን ስታርሊንክ ከባለቤቶቹ በሰዓት እየተከራዩ ከዘመድ የተላከላቸውን ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። መረብ የማይፈልግ ሁለተኛ ማረጋገጫ ቀድሞውኑ አለ፤ ስልኩና ሰርቨሩ አስቀድመው የተካፈሉትን ምስጢር ከሰዓቱ ጋር አጣምረው በየ30 ሴኮንዱ አንድ ዓይነት ኮድ የሚያሰሉበት ዘዴ በ2011 ደረጃ ወጥቶለታል። ኮዱ ከውጭ አይላክም፣ እዚያው ስልኩ ላይ ይሰላል። ስለዚህ የማረጋገጫ ዘዴ የሚመረጠው በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን የትኛው መሠረተ ልማት ሲወድቅ አብሮ እንደሚወድቅ በመመርመርም መሆን አለበት።

ስልኩ ሲዘረፍ ግን ይህም አይበቃም፤ ስልኩ በባለቤቱ እጅ እያለ ባለቤቱ በሰው እጅ ሲወድቅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በጦርነቱ ወቅት ታጣቂዎች ሰዎችን ስልካቸውን አስከፍተው በባንካክ ገንዘብ እንዲያስተላልፉ ማስገደዳቸው፣ ለታጋች ማስለቀቂያም በዚሁ መተግበሪያ መጠየቁ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የመዳረሻ ቁጥጥር ንድፈ አሳብ በዚህ ቦታ ላይ ድንበሩን ይነካል። ማንነቱ እውነተኛ ነው፣ ፈቃዱ ሕጋዊ ነው፣ ስልኩም ጣቱም የራሱ ናቸው፤ የሌለው የሰውየው ውዴታ ነው፣ ውዴታን የሚለካ ኮምፒውተር ደግሞ የለም። መፍትሔው ከማረጋገጫው ይልቅ ከመብቱ በኩል ይፈለጋል፤ በአንድ ቀን ሊተላለፍ የሚችለውን መጠን መገደብ፣ ትልልቅ ዝውውሮችን ለጥቂት ሰዓታት ማዘግየት፣ ወይም የሁለተኛ ሰው ስምምነት መጠየቅ ይቻላል። ይሁንና እያንዳንዱ ገደብ ለሕክምና በአስቸኳይ ገንዘብ የሚፈልገውንም ሰው ያዘገየዋል፤ ከዚህ ምርጫ ያለ ኪሳራ የሚወጣ ባንክ አይኖርም። ለተቋም አስተዳዳሪዎች ግን ነገሩ ይቀላል። ማንም ብቻውን ሙሉ ሥልጣን ከሌለው፣ እርሱን ማስገደድ የሚያስገኘው ጥቅም ይቀንሳል። በዚህ ዐይን ሲታይ የአነስተኛ ፈቃድ መርህ ከመረጃው በተጨማሪ ሠራተኛውንም ይጠብቃል፤ ይህ ጥቅሙ በመማሪያ መጻሕፍት ተገቢውን ቦታ ያገኘ አይመስልም።

ፈቃድን መንጠቅ ከመስጠት የከበደ ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር መዳረሻ ካላገኘ ሥራ ስለማይጀምር ራሱ እየተመላለሰ ይጠይቃል፤ ሲለቅ ግን መዳረሻው እንዲዘጋ የሚወተውት የለም። በ2024 ስኖውፍሌክ በተባለው የክላውድ መረጃ ማከማቻ 165 ያህል ደንበኛ ድርጅቶች ለጥቃት በተጋለጡበት ጊዜ፣ አጥቂዎቹ የገቡት በተሰረቁ የይለፍ ቃሎች ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከተሰረቁ ዓመታት ያለፋቸው ሆነው ሳሉ አልተቀየሩም፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም አልነበራቸውም። በሰላም ጊዜ እንዲህ ከሆነ፣ ሠራተኞቹ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ፣ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ በተበተኑበት፣ ኮምፒውተሮቻቸው በተተዉ ቢሮዎችና ቤቶች ውስጥ በቀሩበት ተቋም ማን የትኛውን መዳረሻ እንደያዘ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። ከዚህ የሚያድነው የማይታደስ ፈቃድ በራሱ እንዲያበቃ የሚያደርግ አሠራር ነው። ከእርሱ ጋር ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚመዘግብ የክንውን መዝገብ መኖር አለበት፤ መዝገቡም ራሳቸው አስተዳዳሪዎቹ ሊሰርዙት በማይችሉት ሌላ አካውንት መቀመጥ ይገባዋል፤ አለዚያ የአስተዳዳሪውን ቁልፍ የያዘ ሁሉ ዱካውን ያጠፋል።

ከተቋሙ በላይ ደግሞ ሌሎች ፈቃድ ሰጪዎች አሉ። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው አጠቃላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ በ2017 እስኪነሣ ድረስ፣ በካርቱም የሚኖር ተማሪ ወይም ባለሙያ የይለፍ ቃሉ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የኢንተርኔት አድራሻው ከሱዳን መሆኑ ብቻ በርካታ አገልግሎቶችን ይዘጋበት ነበር። ኮርሴራ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት አቅራቢ በ2014 ለሱዳን ተጠቃሚዎች በሩን መዝጋቱ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፤ በ2015 ለግል መገናኛ የሚውሉ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች ቢፈቀዱም ሱዳን አሜሪካ ከያዘችው የሽብር ደጋፊ አገሮች መዝገብ የወጣችው በ2020 መጨረሻ ነበር። በቴክኒኩ ቋንቋ ይህ በባሕርይ ላይ የተመሠረተ ቁጥጥር ይባላል፤ ጠያቂው በማንነቱ ሳይሆን በሚገኝበት ቦታ፣ በሚጠቀምበት መሣሪያ ወይም በሰዓቱ ይመዘናል። የክላውድ ደንበኛ የሚጽፈው ደንብ ሁሉ አገልግሎት ሰጪው ድርጅትና ያ ድርጅት የሚገዛለት ሕግ ከጻፉት ደንብ በታች ነው።

ማሽኑን የሚያስተዳድረው አካልም ከደንቡ በላይ ሊሆን ይችላል። በጃንዋሪ 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ በቻይና ድጋፍ በተሠራው የአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ከ2012 እስከ 2017 የሰርቨሮቹ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንግሃይ ይገለበጥ ነበር ሲል ዘገበ፤ ቻይናም የኅብረቱ ባለሥልጣናትም ዘገባውን አስተባብለዋል። የዘገባው እውነትነት አከራካሪ ቢሆንም የሚያመለክተው ድክመት አያከራክርም፤ በሰርቨሩ ላይ የተጻፈ የፈቃድ ደንብ ሰርቨሩን ከሥሩ ከሚቆጣጠረው አካል ሊከላከል አይችልም። ኢትዮጵያም በ2024 ባጸደቀችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የግል መረጃን በሚይዙ ተቋማት ላይ የጥበቃ ግዴታ ጥላለች፤ ይሁን እንጂ ሕግ ከጥፋት በኋላ ተጠያቂ ያደርጋል እንጂ የወጣውን መረጃ አይመልስም። ቴክኒካዊው መከላከያ መረጃውን መመስጠርና የምስጠራ ቁልፉን ከአገልግሎት ሰጪው ውጪ፣ በባለ መረጃው እጅ ማቆየት ነው።

ይህ ደግሞ ክርክሩን ወደ ከባዱ ጥያቄ ይወስደዋል። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ሰውየው ሲሞት ወይም ሲታገት መረጃው ይሞታል ወይም ይዘረፋል፤ ቅጂው ለብዙዎች ከተሰጠም የሚሰርቀው ይበዛል። የሁለቱን ፍላጎት ያስታረቀው እስራኤላዊው የሒሳብ ሊቅ አዲ ሻሚር በ1979 ያቀረበው ምስጢርን የማካፈል ዘዴ ነው። ዘዴው በአንድ ቀላል እውነት ላይ ያርፋል፤ አንድን ቀጥተኛ መስመር ለመወሰን ሁለት ነጥቦች፣ አንድን ፓራቦላ ለመወሰን ሦስት ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ምስጢሩ ፓራቦላው የቁም ዘንጉን የሚቆርጥበት ቁጥር ይሁንና፣ በፓራቦላው ላይ ካሉት ነጥቦች አምስቱ ለአምስት ሰዎች ይታደሉ፤ ማናቸውም ሦስቱ ሲገናኙ ፓራቦላውን ሠርተው ምስጢሩን ያገኙታል፣ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ግን በሁለት ነጥብ የሚያልፉት ፓራቦላዎች ብዛት ወሰን ስለሌለው ስለ ምስጢሩ ምንም አያውቁም። የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት የሚያረጋግጠው ዋና ቁልፍም ከ2010 ጀምሮ ተመሳሳይ መንፈስ ባለው ሥነ ሥርዓት ይጠበቃል፤ በሁለት የአሜሪካ ግዛቶች በሚገኙ ሁለት ማዕከላት ለእያንዳንዳቸው ሰባት ኃላፊዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ተመርጠው፣ ቢያንስ ሦስቱ ካልተገኙ ሥራው አይካሄድም።

ለአንድ ባንክ ወይም መዝገብ ቤት የዚህ ስሌት ትርፍ የሚታየው ድርሻዎቹ በካርታ ላይ ሲቀመጡ ነው። ከአምስቱ ባለድርሻዎች በአንድ ከተማ ከሁለት በላይ እንዳይኖሩ ከተደረገ፣ ከተማውን የያዘ ኃይል ሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚያገኝ ቁልፉን ሊሠራ አይችልም፤ ከተማው ጨርሶ ቢጠፋም በሌላ ስፍራ የቀሩት ሦስቱ መረጃውን ለመክፈት ይበቃሉ። አራቱ በአንድ ከተማ ቢቀመጡ ግን ሁለቱም ዋስትናዎች አብረው ይፈርሳሉ፤ ለዚህም ስሌት ካርቱም፣ ባሕሪና ኦምዱርማን እንደ አንድ ከተማ ይቆጠራሉ።